በሚኒሶታ በረዶ ፖርሼ መንዳት፦ ከኔ ስህተት ተማሩ

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝን ልመልስ። አዎ፣ በረዶ ላይ እነዳታለሁ። አይ፣ ሁለተኛ መኪና የለኝም። አይ፣ አላበድኩም።

ያለችኝ የ2007 ፖርሼ 911 ናት። ካሬራ 4ኤስ የሚሏት፣ ባለ 3.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት። የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። የገዛኋት በ2017 ኦገስት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሸሚዝ በሚያስወልቅበት ሰሞን ጃንዋሪን ማን ያስታውሳል? ከልጅነቴ የምመኛት መኪና ናት፤ ዓመታት አዳር ሠርቼ ነው ያጠራቀምኩት። ለሦስት ወር ያህል በሰፈሩ ከኔ በላይ ደስተኛ ሰው አልነበረም። ከዚያ ኖቬምበር መጣ።

አንድ ትልቅ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ልጄ፣ ይቺ እኮ ሆዷ መሬት ሊነካ ነው፤ በረዶው ሲመጣ ምን ልታደርጋት ነው?» አሉኝ። ጓደኞቼም ያው ናቸው። ጋራዥ ቆልፍባት፣ አሮጌ ቶዮታ ግዛ፣ እስከ ስፕሪንግ ተዋት። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ሁለት መኪናና ሁለት ኢንሹራንስ የሚችል ሰው እንደዚያ ቢያደርግ አልከራከረውም። እኔ አልቻልኩም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁና የዓመቱን እኩሌታ ሸራ ለብሳ የምትተኛ መኪና ለምን ገዛሁ?

አንድ ነገር ላስተካክል። እናቴ በስልክ «ክረምቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ የምታስበው የሐምሌን ዝናብና ጭቃ ነው። ስለዚህ እዚህ የበረዶውን ወራት «ዊንተር» እላለሁ፣ ግራ እንዳንጋባ።

ትልቁ ስህተቴ ጎማ ነበር። ስገዛት የሰመር ጎማ ነው ያደረገችው፤ አዲስ፣ ጥርሱ ሙሉ። «አራቱም የሚጎትት መኪና ምን ይሆናል» ብዬ ተውኩት። አንድ ጠዋት ከአዳር ስወጣ ሦስት ጣት የማይሞላ በረዶ ጥሏል። ከሀይዌይ መውጫው ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ምንም እንዳልተባለች ቀጥ ብላ ሄደች። መሪ አዞርኩ፣ አልሰማችኝም። ፍጥነቴ በሰዓት 20 ማይል እንኳ አይሞላም፣ ግን ያቺ የምትንሸራተቱባት ሦስት ሰከንድ አንድ ሙሉ ቀን ነው የምትመስለው። የቀኝ የፊት እግሯ የመንገዱን ጠርዝ መታና ቆምን። ሰው አልተነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቸርኬዋ ግን ተጣመመች። ጎሚስታው ላስቲኩን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና «ይሄ እኮ ፕላስቲክ ሆኗል» አለኝ።

ልክ ነበር። የሰመር ጎማ ላስቲክ ለሙቀት ነው የተሠራው። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መጠንከር ይጀምራል፣ መንገድ መጨበጡን ይተዋል። ከዜሮ በታች ብዙ ሲወርድማ፣ በተለይ የስፖርት መኪና ጎማ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አምራቾቹ ራሳቸው በዚያ ብርድ አታንቀሳቅሱት ይላሉ። የዊንተር ጎማ በብርድም ለስላሳ ነው። ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፣ በረዶውን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ስትገዙ ጎኑን እዩ፤ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ምልክት መኖር አለበት። «ኤም ፕላስ ኤስ» (ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

«አራቱም ይጎትታል» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። እኔንም አታለለኝ። ለመነሳት ይረዳል፣ ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ፍሬን ሲያዝ ግን የማንም መኪና በአራት እግሩ ነው የሚቆመው፣ የኔም ሆነ የጎረቤቴ አሮጌ ኮሮላ። በረዶ በጣለ ማግስት ከመንገድ ወጥተው ቦይ ውስጥ ተጋድመው የማያቸው ትልልቅ ፒክአፖች ይህን የረሱ ናቸው ብዬ አስባለሁ።

ስለዚህ ሁለተኛ ቸርኬ ከነጎማው ገዛሁ። ከ19 ኢንች ወደ 18 ወረድኩ፤ ስፋቱም ከሰመሩ ጠበብ ያለ ነው። ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጠባቡ ቆርጦ ይገባል። ቸርኬው ሲያንስ የላስቲኩ ጎን ከፍ ይላል፣ በረዶው ሲቀልጥ ብቅ የሚሉትን ጉድጓዶች ይችልላችኋል። አራቱም የሚጎትት መኪና ካላችሁ ግን ቁጥሩን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። የፊቱና የኋላው ዙሪያ ፋብሪካው ያለውን መጠበቅ አለበት፣ አለበለዚያ ፊትና ኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ሲታገል ይኖራል። የፖርሼ ፈቃድ ያለው ጎማ ላይ «ኤን» የሚል ምልክት አለ፤ ውድ ነው፣ እኔ ግን ከፈልኩ። በጠቅላላው 2,300 ዶላር ገደማ ወጣብኝ። ያቺን የተጣመመች ቸርኬ ለማስተካከልና የፊት እግሯን ለማስፈተሽ ካወጣሁት ጋር ሳስተያየው አልተናደድኩም። ሴፕቴምበር ላይ እዘዙ፤ የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ሁሉም ሰው በአንዴ ያስታውሳል። ምስማር ያለው ጎማ እንዳታስቡ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ለነዋሪው ክልክል ነው።

የጎማ አየርም አለ። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ከጎማው የአየር ግፊት 1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያው ነው) ያህል ይቀንሳል። በሴፕቴምበር የሞላችሁት በጃንዋሪ ጎድሎ ነው የምታገኙት። ክሩስኮቶው ላይ ማስጠንቀቂያው ሲበራ ተበሳ ብላችሁ አትደንግጡ፣ በሳምንት አንዴ ለኩት።

አሁን ወደ መንዳቱ። እኛ «በረዶ» ብለን ሁሉንም እንጨርሰዋለን፤ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ። እዚህ ለሚነዳ ሰው ግን ለየብቻ ናቸው። ደረቅና ብናኝ የሆነው በጣም ብርድ ሲሆን የሚጥለው ነው፣ እሱ አያስቸግርም፤ ጎማው ሥር ይጮሃል እንጂ ይጨበጣል። ዜሮ አካባቢ የሚጥለው እርጥቡ ከባድ ነው፣ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ክፉው የማይታየው ነው። «ጥቁር በረዶ» የሚሉት፣ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ የሚመስልበት፣ በተለይ ድልድይ ላይ፤ ድልድይ ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይጋገራል። ሌላም አለ። መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ሴልሺየስን አልፎ ሲወርድ ጉልበቱ ያልቃል። ሰው «ጨው ተነስንሷል» ብሎ በጣም ብርድ በሆነው ቀን ይፈጥናል፤ ያን ቀን ነው ጨው የማይሠራው።

የዚህች መኪና ጠባይ ከሌላው ይለያል። ሞተሯ ከኋላ እግሮቿም አልፎ በስተኋላ ነው የተቀመጠው፣ ከክብደቷ ከ60 በመቶ በላይ ከኋላ ነው። ስለዚህ ስትነሳ ጎማዋ መሬቱን ይጫነዋል። ቀይ መብራት ላይ ሌሎቹ ጎማቸው እየዞረ ሲቀሩ እኔ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ አልዋሽም፣ ደስ ይላል። በ1968፣ በ1969 እና በ1970 ተከታትሎ የሞንቴ ካርሎን ራሊ፣ ያንን የተራራ በረዶ ውድድር፣ ያሸነፈው 911 ነው፤ ያኔ የኋላ እግር ብቻ ነበር የሚጎትተው። ማለትም መኪናው ለበረዶ እንግዳ አይደለም። እንግዳው እኔ ነበርኩ።

ችግሩ የፊቷ ቅለት ነው። ኩርባ ላይ ፈጥናችሁ ከገባችሁ መሪ ታዞራላችሁ፣ እሷ ቀጥ ትላለች። ያኔ ደንግጣችሁ ነዳጁን በአንዴ ከለቀቃችሁ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ጭራዋ ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ኩርባ ውስጥ ሊደርስባችሁ ይችላል፣ ደርሶብኛል። መፍትሔው ሳትገቡ መቀነስ ነው። ፍሬኑን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጨርሱ፣ ኩርባው ውስጥ እግራችሁ ነዳጁ ላይ ሳይጫንም ሳይነሳም ይቆይ፤ የምታዩትም መሄድ የምትፈልጉበትን እንጂ የምትፈሩትን ምሰሶ አይሁን። ማንዋል ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ተነሱ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ። ከፊታችሁ ካለው መኪና የምትርቁት ርቀት ለሰው ቂልነት እስኪመስል ይብዛ። የሆነ ሰው መሃል ይገባባችኋል። ይግባ።

ይህን ሁሉ በንባብ አይደለም የቻልኩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ከሄደ ባዶው የመኪና ማቆሚያ ላይ፣ ግቢውን የሚጠብቁትን አባት አስፈቅጄ፣ አንድ ሰዓት ያህል በ15 ማይል ስንሸራተት ቆየሁ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እግሬ ሥር ሲንገጫገጭ ምን እንደሚመስል ለመድኩት። ጭራዋን ሆን ብዬ አስወጣሁ፣ መለስኩ። መጀመሪያ የመጣባችሁ መንሸራተት ሀይዌይ ላይ እንዳይሆን፣ ባዶ ቦታ ላይ ይሁን። የመብራት ምሰሶ የሌለበት ቦታ ምረጡ ብቻ።

ከመንገዱ ይልቅ ያሰቃየኝ ግን ቆማ ሳለች ብርዱ የሚያደርጋት ነው።

በሮቿ ለምሳሌ። መስታወቱ ዙሪያ ፍሬም የለውም። እጀታውን ስትስቡ መስታወቱ አንድ ሴንቲ ያህል ይወርድና ከላስቲኩ ይላቀቃል፣ ከዚያ በሩ ይከፈታል። በረዶ ከያዘው አይወርድም። እኔ ይህን ሳላውቅ ጎትቼ ላስቲኩን ቀደድኩት። አሁን ኦክቶበር ላይ ላስቲኩን ሁሉ ሲሊኮን እቀባለሁ፤ ከያዘም በመዳፌ በሩን ወደ ውስጥ ጫን ጫን አደርግና በረዶ የሚያቀልጠውን ፈሳሽ እረጫለሁ። ሙቅ ውኃ የሚያፈስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። እባካችሁ። ብርድ ላይ ያለ መስታወት ሙቅ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ካልተሰነጠቀም ውኃው እዚያው ይጋገራል።

ከዚያ ባትሪ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ጉልበቱን ወደ እኩሌታ ያጣል፣ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሳት የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ጃንዋሪ ከሥራ ስወጣ ድምፅ የለም። ባትሪው ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። ኮፈኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ሞቷል። ገባችሁ? ቁልፉ ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑ የተቆለፈ። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው በዚያ ብርድ ላይ የሚለውን ሁሉ ተናገርኩ። የሚሠራው እንዲህ ነው። በሾፌሩ በኩል እግር ማሳረፊያው ጎን ላይ የፊውዝ ሳጥኑ አለ፣ እዚያ ውስጥ ወደ ውጭ የሚሳብ ቀይ ጫፍ ታገኛላችሁ። ከሌላ ባትሪ ቀዩን ገመድ እሱ ላይ፣ ጥቁሩን የበሩ መቆለፊያ ብረት ላይ ታሲዙና ኮፈኑን ትከፍታላችሁ። ኮፈኑን ለመክፈት ብቻ ነው፣ በዚያ በኩል ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ ሞተሩ የሚነሳው ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ በዋናው ባትሪ በኩል ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትንሽ ማስነሻ ባትሪ ወንበሩ ሥር እይዛለሁ፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሞላ ቻርጀር ላይ ሰክቻት ነው የምተኛው።

ሞተሩ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ ነው ሰው የሚከስርበት። የነዚህ ዓመታት 3.8 ሞተር አንድ የታወቀ ችግር አለው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ በፒስተኑ ይፋቃል፣ ይጫራል። ብርድ አገር ላይ፣ ሳይሞቅ የሚጨቀጨቅ ሞተር ላይ ይበዛል። ከተጫረ ጥገናው የመኪናዋን ዋጋ ሊያህል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሲሊንደሩ ውስጥ በካሜራ ይታይላችሁ፤ እኔ አሳይቻለሁ፣ ያወጣሁት ገንዘብ አላስቆጨኝም። አንዱ የጭስ መውጫ ብቻ ጥላሸት ከለበሰ፣ ወይ ሲሞቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካለ፣ ጥርጣሬ ይግባችሁ። አንድ ጋራዥ ሃያ ደቂቃ ቆማ ትሙቅ ብሎኝ ነበር። ለአንድ ዊንተር ሰማሁት። ስህተት ነው፤ በሚኒሞ ቆማ ቶሎ አትሞቅም፣ ቤንዚኑም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። አሁን ግማሽ ደቂቃ ወይ አንድ ደቂቃ እሰጣታለሁ፣ ከዚያ በቀስታ እንሄዳለን። ከ3,000 ዙር በላይ አላሳልፋትም፣ የዘይቱ መርፌ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ። የውኃው መርፌ ቀድሞ ይደርሳልና እሱን አይታችሁ አትታለሉ፤ ዘይቱ ሩብ ሰዓት ወይ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንደ ሽማግሌ ነው የምቀሰቅሳት።

ጨው። የ911 አካል ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፣ ቆርቆሮው ቶሎ አይበላም። ቡሎኖቹ፣ የፍሬን ቱቦዎቹ፣ የጭስ ማውጫው ማሰሪያዎች ግን ያው ብረት ናቸው። ራዲያተሮቿ ፊት ለፊት ባምፐሩ ውስጥ ናቸው፤ ቅጠል ይሰበስባሉ፣ ቅጠሉ ጨውና እርጥበት ይይዛል፣ ከዚያ ይበላቸዋል። ቅጠል ረግፎ ሲያልቅ አስጸዷቸው። ከሥር የሚያጥብ ቦታ በየሁለት ሳምንቱ እወስዳታለሁ፣ ዜሮ አካባቢ የሆነበትን ቀን ጠብቄ። ካሳጠብኩ በኋላ የበሩን ላስቲክ በጨርቅ አደርቃለሁ፤ በሮቹን ሁለት ሦስቴ ከፍቼ እዘጋለሁ፤ አለበለዚያ ጠዋት ያው የበሩ ታሪክ ነው።

የማትችለውም አለ። ከመሬት ያላት ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ በረዶ ከጫማዬ ቁርጭምጭሚት ካለፈ አትወጣም፣ አለቀ። በረዶው ሆዷ ሥር ይታጨቅና ያነሳታል፤ ጎማው አየር ላይ ሲዞር የትኛውም ቴክኖሎጂ አያወጣችሁም። ከአዲስ በረዶ የሚብሰው ደግሞ የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና አልፎ በራችሁ ላይ የሚተወው ግድግዳ ነው። በአካፋ ክፈቱት፣ ጥሼ እሄዳለሁ አትበሉ፤ ሌሊት ሲያድርበት ድንጋይ ነው፣ ባምፐሩን ይወስደዋል። ከተጣበቃችሁ መንሸራተት የሚቆጣጠረውን «ፒኤስኤም» የሚለውን ቁልፍ ለጊዜው አጥፉት፣ ምክንያቱም ጎማው መዞር ሲጀምር ጉልበቱን ይቆርጥባችኋል። በሁለተኛ ማርሽ ወደ ፊት፣ በሪቨርስ ወደ ኋላ ወዝወዝ አድርጓት፣ ስትወጡ መልሱት። ሞተሯ እየሠራ ቆማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ መጀመሪያ ወርዳችሁ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ነጻ አድርጉ። ዝቅ ያለ መኪና ነው፣ ቶሎ ይደፈናል፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

መጎተቻ መንጠቆዋ ከመሣሪያው ጋር ፊት ኮፈን ሥር ነው የሚቀመጠው። አውጥታችሁ ውስጥ አስቀምጡት፤ ኮፈኑ ሲጋገር ትዝ ይላችኋል። ስትጫንም በጠፍጣፋ መኪና ላይ ተጭና እንጂ ሁለት እግሯ መሬት ላይ ሆኖ እንዳትጎተት። አካፋ፣ ትንሽ አሸዋ፣ ባትሪ፣ ውኃ እይዛለሁ፤ ነዳጅም ከግማሽ በታች አላደርስም። እናቴ የላከችልኝ ጋቢም ከኋላ ወንበር ላይ አለ። ያቺ የኋላ ወንበር ለሰው እግር አትሆንም፣ ለጋቢ ግን ልኳ ናት።

አንድ ጥምቀት ላይ፣ ጃንዋሪ 19 ንጋት፣ ብርዱ እንባ ያስወርዳል፣ አንዲት እናት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ላደርሳቸው ጫንኳቸው። ሲገቡ «ልጄ፣ ይሄ ወንበር ነው ወይስ ጉድጓድ?» አሉኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወንበሩ ሲሞቅላቸው ዝም አሉ። ስንደርስ መውረድ አልፈለጉም።

የማልነዳበት ቀን አለ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ጠዋት እዚህ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ነበር፣ በሴልሺየስ 33 ማለት ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ያን ቀን ጋራዡን አልከፈትኩም። መሬት ሲነካ የሚጋገር ዝናብ የሚዘንብበት ቀንም አልወጣም፤ የዊንተር ጎማም ቢሆን መስተዋት የለበሰ አስፋልት ላይ ተአምር አይሠራም። አውቶቡስ አለ፣ ጓደኛ አለ።

ጎማውን መቼ ላውጣ ለምትሉኝ፣ እኔ በመጀመሪያው ዓመት ማርች መጨረሻ ላይ ፀሐይ ወጣ ብላ አስቸኮለችኝና ሰመሩን መልሼ አስገባሁ። ኤፕሪል 2018 አጋማሽ ላይ በሁለት ሦስት ቀን ከ15 ኢንች በላይ በረዶ ጣለ። መኪናዋ እዚያው ጋራዥ ውስጥ ቀረች፣ እኔ ደግሞ ያንን ሳምንት ሥራ የሄድኩት አሮጌ ቶዮታ ግዛ ባለኝ ጓደኛዬ አሮጌ ቶዮታ ነው። መንገዱን ሙሉ ሙዚቃ ከፍቶ እየሳቀ ነበር የሚነዳው።